በምን መጣህ፣ ልጄ?

ሞተር ሳይክል የምትነዳ ሴት በእኛ አገር ሁለት ነገር አይጎድልባትም፤ ፉጨትና ምክር። ፉጨቱን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ማለፍ ለምጄ ነበር። ምክሩ ግን ማለቂያ የለውም። «ቀሚስሽ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ» የሚለኝ ነበር፣ ሱሪ መልበሴን እያየ። «ባል ሳታገቢ ወገብሽን ትሰብሪያለሽ» የሚለኝም ነበር። እኔም ምላሴ አያርፍም፤ «ወገቤ ከተሰበረ አንተ ታገባኛለህ» እለዋለሁ፣ አፉን ይይዛል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አደጋው ነው። እንዴት ገጨሽ፣ እንዴት ተረፍሽ ይሉኛል። እኔ ልነግራችሁ የፈለግኩት ግን ከዚያ በኋላ በእናቴ ግቢ ስለሆነው ነገር ነው። ይሁንና ከመጀመሪያው ካልጀመርኩት አይገባችሁም።

ሉማሜ ቤት ተከራይቼ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች እየዞርኩ ከብት የማክም፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። እናቴ የምትኖረው ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ በጠጠር መንገድ በሚኬድበት መንደር ነው። አባቴ ገና ሳልጠና ስለሞተ ያሳደገችኝ ብቻዋን ነው። መሥሪያ ቤቱ ሞተሩን የሰጠኝ ሰሞን ላሳያት ይዤላት ሄድኩ። ዙሪያውን ዞራ አየችው፣ መቀመጫውን በእጇ ደባበሰችና «ያባትሽ ፈረስ ግማሽ ገብሳችንን ይበላ ነበር፤ ይኼስ ይሻላል» አለች። ከዚያ ወዲህ «ፈረስሽ ደህና ነው?» ሳትል ስልክ አትዘጋም።

እናቴ ጥሩሰው በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን ትዘክራለች። እትዬ ጥሩሰው ቤት ዝክር ሄዶ ሳይጠግብ የወጣ የለም፤ ሳይንገዳገድ የወጣም ጥቂት ነው። ይህን ራሷ በኩራት ነበር የምታወራው። እንግዳ «በቃኝ» ሲል ጆሮዋ አይሰማም። አረቄዋን በግራ፣ መለኪያውን በቀኝ ይዛ ፊቱ ትቆምና «በሞቴ» ትላለች። አንዲት እናት ከፊታችሁ ቆማ «በሞቴ» ስትል እስቲ እምቢ በሉ። እኛ ዘንድ እኮ «በቃኝ» የሚባለው ለይሉኝታ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፣ የእውነት የበቃው ሰው የሚናገርበት ቃል አጥቷል።

ያን ዕለት እኔ የአባ ሰንጋ ክትባት ላይ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«የት ደረስሽ?» አለች እናቴ።

«አንድ ሁለት ቤት ቀርቶኛል፣ እማዬ።»

«ቶሎ በይ እንጂ። አንዱዓለም መጥቷል። ይታይሽን ሳታይ የትም አትሄድም ብዬዋለሁ።»

ከኋላዋ ጭብጨባና ሳቅ ይሰማኛል። አንዱዓለም የጎረቤታችን የአያ ደሴ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት አብረን ተመላልሰናል፣ ወንዝ ሲሞላ ደብተሬን በራሱ ላይ አድርጎ ያሻግርልኝ ነበር። አሁን የእህል ጭነት መኪና ይነዳል። ደስ አለኝ፤ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

ሥራዬን ጨርሼ፣ የመድኃኒቱን ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ተነሳሁ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላለች። ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ነዶ ነዶ ሆኖ ተኝቷል፣ በዓል ስለሆነ አጫጅ የለም፤ እረኞቹ ብቻ እጃቸውን ያነሱልኛል። ከመንደራችን ድልድይ በፊት ያለው ጠመዝማዛ ጋ ስደርስ ፍጥነቴን ቀነስኩ። ያኔ ነው የጭነት መኪናው ከፊቴ ብቅ ያለው። በመጀመሪያ ጉድጓድ እየሸሸ መሰለኝ፤ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። ጥሩምባ ነፋሁ። ወደ ዳር ወጣሁ። እሱም ወደ ዳር መጣ። ወደ ማሳው ልገባ መሪዬን ስጠመዝዝ ብረት ሲጮህ ሰማሁ፤ ከዚያ አፌ አፈር ሞላ።

ሰማዩ ሲታየኝ ሞተሩ እግሬ ላይ ነበር። የሚያመኝ ነገር የለም፤ ይህ ራሱ አስፈራኝ። መርፌና ብልቃጡ በየነዶው ላይ ተበትኗል። የመኪናው በር ተከፈተና አንድ ሰው እየተደናቀፈ መጣ። ሞተሩን ሊያነሳልኝ ጎንበስ ሲል ወደ ፊቱ ተደፋ። ተነስቶ እንደገና ሞከረ። የአረቄው ሽታ ከሱ ቀድሞ ደረሰኝ። ከዚያ ፊቴን አየ።

«ይታይሽ?» አለ። «አንቺ ነሽ እንዴ?»

አንዱዓለም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለና ራሱን በጥፊ ይመታ ጀመር። እኔም እንደዚያ ተኝቼ «ሞተሩን አንሳልኝና ከዚያ ራስህን ትመታለህ» አልኩት። ይህን ማለቴን ያወቅኩት ኋላ ላይ እረኞቹ ሲያወሩት ነው።

የመንደሩ ወንዶች የቃሬዛ ማኅበር አላቸው። ታማሚ አለ ከተባለ ማጭዱን ጥሎ የማይመጣ የለም፤ ሰው ያለ ተሸካሚ አይቀርም። ሞተሩን አነሱልኝ፣ እግሬን በነጠላ ከእንጨት ጋር አሰሩት፣ በቃሬዛ ላይ አድርገው በማሳው አቋርጠው ወደ አስፋልቱ ሮጡ። አራት ሲደክማቸው አራት ይቀበላቸዋል፤ ቃሬዛው ግን አይቆምም። ሕመሙ የመጣው ያኔ ነው። ዓይኔን ስገልጥ እናቴ ከጎኔ ትሮጣለች። የበዓል ነጠላዋ መሬት ይጎተታል፣ አንድ ጫማዋ የለም። ቀኝ እጇን ጥርቅም አድርጋ ጨብጣለች።

«ምንድነው የያዝሽው?» አልኳት። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የማይረባ ነገር ይጠይቃል።

ሩጫዋን ቀጠለች። አስፋልቱ ላይ ባገኘነው መኪና ውስጥ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ስታደርግ አየሁት። የአረቄ ጠርሙስ ውታፍ ነው፤ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተጠረበ። ደብረ ማርቆስ እስክንደርስ ከእጇ አላወጣችውም። ድንጋጤ ነው ብዬ ተውኩት።

እግሬ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፣ ውስጡ ብረት ገባለት። ሆስፒታሉን ስለቅ ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ በእርጋታ ነገረኝ። «አጥንቱ ጥሩ ይዟል። አሁን ጉዳዩ ያንቺ ነው። በክራንች እየተደገፍሽ በየቀኑ ትቆሚበታለሽ። ካልቆምሽበት ጉልበትሽ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ እኔ የማደርግልሽ ነገር የለም።»

«እሺ» አልኩ። እናቴ ቤት ከገባሁ በኋላ ግን አንድም ቀን አልቆምኩም። ላታልላችሁ አልፈልግም፣ ፈርቼ ነው። ያ ለማንም የማይበገር ምላሴ እግሬን ማዘዝ አቃተው። ጫማዬ መሬት ሲነካ የብረቱ ጩኸት ጆሮዬ ላይ ይመጣል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ እመለሳለሁ። ክራንቾቹን እናቴ አልጋዬ አጠገብ ታቆማቸዋለች፤ እኔ ግድግዳው ላይ ስቀይልኝ እላታለሁ። ጉልበቴ በየቀኑ እየገረረ ሲሄድ ይታወቀኛል። ከብት ሐኪም ነኝ፤ የደረቀ ጉልበት ምን እንደሆነ አላጣሁትም።

«ዛሬ እንኳ አንዴ ብትቆሚ» ትለኛለች።

«አትነዝንዥኝ፣ እማዬ።»

እግሬን በሞቀ ውሃ ታጥባለች፣ ቅባት ትቀባዋለች፣ ፀጉሬን ጎንጉና ትፈታለች፣ እንደገና ትጎነጉናለች። እንደ ሕፃን ታጎርሰኛለች። እሷ ግን አትበላም። የነቢያት ጾም ስለሆነ ነው ብዬ ነበር፤ ገና ተፈስኮም አትበላም። ጠላ መጥመቅ ትታለች፣ ጋኖቿ ጓሮ ተደፍተዋል። ጠያቂ ይመጣል፣ «እግዜር ይማርሽ» ይላል፣ ቀጥሎ «ያ ሰካራም» ብሎ አንዱዓለምን ይረግማል። እኔም ከረጋሚው ብሼ እራገማለሁ። ያኔ እናቴ ነጠላዋን ታጣፋና ወደ ጓሮ ትወጣለች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ አየዋለሁ። ለኔ ስታለቅስ ነው እላለሁ፣ ግን አልቆምም።

አንዱዓለም በዋስ ወጥቶ ክሱ በፍርድ ቤት እየታየ ነበር። ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌዎች ላኩብን። ፍርዱ ፍርድ ነው፤ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ሳይታረቅ እንዴት በአንድ ምንጭ ይቀዳል አሉ። «ይምጡ» አለች እናቴ። እኔ «ይምጡ፣ ግን አልታረቅም» አልኩ። ማልኩበትም።

በጠዋት መጡ። እናቴ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥታ አስቀምጣኛለች፣ እግሬ በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ፊት ፊት የነፍስ አባታችን አባ አላምረው መስቀላቸውን ይዘው፣ ከሳቸው ቀጥሎ አያ ደሴ፣ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች። ከኋላቸው አንዱዓለም። ባዶ እግሩን ነው። ትልቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ደግፎ፣ ጎንበስ ብሎ ግቢው መሀል ቆመ። በወጋችን ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው የተበደለው «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም።

«ልጄ ይታይሽ» አሉ አባ አላምረው፣ «ያጠፋው ልጅ ይኸው። አላጠፋሁም አላለም። ስለ ሚካኤል ብለሽ ማሪው።»

«ሚካኤልማ ሊያሳርደኝ ነበር፣ አባ። ከሱ ዝክር አይደል ሰክሮ የወጣው?»

«ተይ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ሥራዬ በሞተር ነው። እግሬ ይኸውልዎት፤ አይታጠፍም። ዛሬ 'አውርድ' ብለው ነገ ይታጠፍልኛል?»

አባ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። እኔ ግን ጀምሬያለሁ፣ ምላሴ የለመደው ነው። ወደ አንዱዓለም ዞርኩ። «አፍ የለህም አንተ? መኪና ይዣለሁ፣ በቃኝ ማለት አታውቅም?»

ቀና አላለም። ድንጋዩን አስተካክሎ ያዘ። አባቱ አያ ደሴ «ተናገር እንጂ ልጄ፣ እውነቱን ንገራት» አሉት።

«የምናገረው የለም» አለ አንዱዓለም። «አፌ የኔ ነው፤ ራሴ ነኝ የጠጣሁት።»

ከኋላዬ እናቴ ትከሻዬ ላይ እጇን አሳርፋ ቆማ ነበር። እጇ ተነሳ። ወደ ውስጥ ስትገባ ሰማሁ፣ ውሃ ልታመጣላቸው መሰለኝ። ስትወጣ የወፍጮዋን መጅ ታቅፋለች። ያን እህል የምትፈጭበትን፣ በእጇ ፍትጊያ የለሰለሰ ድንጋይ። በአጠገቤ አለፈች፣ ከበረንዳው ወረደች፣ መጁን አንስታ ማጅራቷ ላይ አደረገችና ከአንዱዓለም ጎን ጎንበስ ብላ ቆመች።

«ጥሩሰው፣ ምን ሆንሽ?» አሉ አባ አላምረው። «ያንቺ ቦታ ከልጅሽ ዘንድ ነው።»

«አይደለም፣ አባ። ቦታዬ እዚህ ነው።»

«እማዬ» አልኩ።

ወደኔ አላየችም፤ ለመሬቱ ነው የነገረችው። «ሦስቴ በቃኝ አለኝ። እትዬ፣ መኪና ይዣለሁ አለኝ። በሞቴ አልኩት። ጠጣ። አንድ ያጣላል ብዬ ደገምኩት። ሊሄድ ቁልፉን ይዞ ሲነሳ በር ላይ ቆምኩበት፣ ጠርሙሱን እንደገና ከፈትኩ። በሞቴ፣ ልጄን ሳታያት አትሄድም አልኩት። ለኔ ብሎ ጠጣ። እሱ ከወጣ በኋላ ገና ጠርሙሱን ሳልወትፈው ነው የጩኸቱን ድምፅ የሰማሁት።» አንድ እጇን ከመጁ አላቅቃ መቀነቷን ፈታች። ውታፉ ወደቀ። «ይህን ሁሉ ቀን ልነግርሽ እነሳለሁ፣ እግርሽን ሳየው አንደበቴ ይታሰራል። ልጁ እንኳ ለፖሊስ ስሜን አልጠራም።»

አያ ደሴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

የተሰማኝን እንዲህ ነበር ብዬ ልነግራችሁ ይከብደኛል። ተናደድኩ፤ አዎ፣ በእናቴ ላይ። ያ ሁሉ ማጠብ፣ ያ ሁሉ ማጉረስ ለካ ይህ ነበር አልኩ። ወዲያው ደግሞ አንገቷን አየሁት። ከኅዳር ወዲህ ምግብ ያልገባው ቀጭን አንገት፣ ከመጁ በታች የደም ሥሩ ተገትሯል። ራሷን ስትቀጣ የከረመችው እዚሁ አጠገቤ ነው፣ እኔ ስራገም እየሰማች።

«አውርጂው፣ እማዬ» አልኩ።

«እሱን ሳታስወርጂ እኔ አላወርድም።»

«እማዬ፣ ይከብድሻል።»

«ይክበደኝ።»

ታውቁ የለ፣ ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት። አባ አላምረው እንኳ ጣልቃ አልገቡም። እናቴ ወደ ጎን ዘመም አለች። አንዱዓለም የራሱን ድንጋይ በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ሊደግፋት ሞከረ፤ ሁለቱም ሊወድቁ ነው።

የበረንዳውን ምሰሶ ይዤ ተነሳሁ። አስቤበት አይደለም። ደህናው እግሬ ቀደመ፣ የተሰበረው ተከተለ፣ መሬቱን ነካ። ጩኸቱ ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ላቡም መጣ። እናቴ ግን እዚያ ነበረች፣ ልትወድቅ። ምሰሶውን ለቀቅኩት። ከበረንዳው የወረድኩት እየተጎተትኩ ነው፤ መራመድ አይባልም። ጉልበቴ እንደ ደረቅ ጠፍር ጮኸ። እናቴ ዘንድ ስደርስ መጁን በሁለት እጄ አንስቼ ወደ ጎን ጣልኩት፣ እኔም አብሬው እሷ ላይ ወደቅኩ። ይዛኝ ቁጭ አለች።

«ቆመሽ እኮ መጣሽ» አለች በጆሮዬ። «ይታይሽ፣ ቆመሽ እኮ ነው የመጣሽው።»

«መጅሽ ይከብዳል» አልኳት። እያለቀስኩ ነበር። እሷም እያለቀሰች ሳቀች።

ቀና ብዬ አንዱዓለምን አየሁት። «አንተም አውርድ» አልኩት። «ፍርድ ቤቱ የሚልህን ግን ትቀበላለህ።»

«እቀበላለሁ።»

«ሌላ ጊዜ ደግሞ ማንም በሞቴ ቢልህ፣ እናቴም ብትሆን፣ ተነስተህ ትሄዳለህ።»

ድንጋዩን አወረደና እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አባ አላምረው መስቀላቸውን አሳለሙን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እናቴ ክራንቾቹን ታቀብለኛለች፣ እኔ እሳደባለሁ፣ እንሄዳለን። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ኋላ እስከ ምንጩ። ብዙ ጊዜ ከምንጩ መልስ አንዱዓለምን እናገኘዋለን። ቆሞ ያሳልፈናል።

እግሬ እንደ ድሮው አልሆነም። ብርድ ሲሆን ብረቱ ይነግረኛል፣ ስሄድም ትንሽ አነክሳለሁ። ሞተሬ ላይ ግን ተመልሻለሁ፤ ፉጨቱም ምክሩም እንዳለ ነው። የገጨኝ ማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ያው አንዱዓለም ነው፤ መሪውን የያዘ ሰው ኃላፊነቱን ለጠጅ ቤትም ለእናቴም ሊያስረክብ አይችልም። እሱም ይህን ያውቃል፣ ቅጣቱን ተቀብሏል፣ መንጃ ፈቃዱም ተይዞበታል። ግን እናንተም ቤት ዝክር አለ፣ ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ። እንግዳችሁን ስትወዱት በምን እንደምትወዱት አስቡ። እኔን ሊገድለኝ የደረሰው ክፋት ቢሆን ኖሮ መጥላት ይቀለኝ ነበር። ፍቅር ነበር፣ እንዴት እንደሚጠነቀቅ ያላወቀ።

ዘንድሮ ኅዳር ሚካኤል እናቴ ጋኖቿን አቀናች። ሰው «ዘንድሮም ትዘክሪያለሽ?» ሲላት «ሚካኤል ምን አደረገኝ?» አለች። ልዩነቱ በር ላይ ነው። ራሷ በር ላይ ቆማ እንግዳውን ሁሉ ሰላም ካለች በኋላ ትጠይቃለች።

«በምን መጣህ፣ ልጄ?»

«በእግሬ፣ እትዬ» ያለ ወደ ጠላውና ወደ አረቄው። ባጃጅ፣ መኪና፣ ሞተር የያዘ ወደ ብርዙ፤ ማር በውሃ በጥብጣ፣ ያልፈላ። በመጀመሪያ ሰው ሳቀባት። አንድ ነጋዴ «እኔ ወንድ ነኝ፣ አንድ መለኪያ አይጥለኝም» ቢላት፣ «እንግዲያው ቁልፉን ስጠኝና እዚሁ እደር» አለችው። ብርዙን ጠጣ። አንዱዓለም በእግሩ መጥቶ ነበር። አረቄ ልትቀዳለት ስትል ራሱ ብርጭቆውን ወደ ብርዙ አዞረ፤ እሷም ብርዙን ቀዳችለት።

እኔ የደረስኩት ወደ ማታ፣ ሥራዬን ጨርሼ ነው። ሞተሬን አጥሩ ሥር አቁሜ እያነከስኩ ስመጣ በር ላይ አገኘኋት።

«በምን መጣሽ?»

«ኧረ እማዬ፣ ድምፁን አልሰማሽም?»

«ሁሉንም እጠይቃለሁ።»

«በፈረሴ።»

«ብርዝ ነዋ» አለችና አስገባችኝ። ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ልተነኩሳት ፈልጌ ብርጭቆውን ገፋ አደረግኩና «በሞቴ፣ አንድ መለኪያ ብቻ» አልኳት።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«እሷን ቃል ከቤቴ አስወጥቻታለሁ» አለች። እጇን ጉልበቴ ላይ፣ ብረቱ ያለበት ላይ አሳረፈች። «ጠጪ።»

ብርዙን እስክጨርስ እጇን አላነሳችም።